የጾም ሜኑዬን ራሴ የማልቀይርበት ድረ ገጽ

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ለደንበኛ አይከፈትም። ሜኑ ሲቀየር ይላኩልን፤ ተራዎ ሲደርስ እናስገባለን።»

ዛሬ ጠዋት ይህን የጻፈልኝ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለውን ምግብ ቤቴን ድረ ገጽ የሠራልኝ ባለሙያ ነው።

ጾም ገብቷል፤ ድረ ገጼ ግን አሁንም በትልቅ ፎቶ ክትፎ ያሳያል። ለምሳ ሊመጡ የነበሩ የማኅበር እናቶች አይተው ደወሉ፦ «አንተ ልጅ፣ ጾም በክትፎ ተጀመረ እንዴ?» ሌላ ቤት ሄዱ።

(በዚህ ዕድሜዬ «ልጅ» መባሌን ወድጄዋለሁ።)

ድረ ገጹ የሚሠራበትን ሲስተም ከባለሙያው ጋር ስንመርጥ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፦ በስልኬ ገብቼ ራሴ እንድቀይረው። እሱ ግን ከራሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ሠራልኝ። እኔ የምፈልገው ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ሊረከበው የሚችለውን ነው። ከዚህ አልወርድም።

የገዛ ድረ ገጻችሁ የተቆለፈባችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ እሱም ያንብበው።

አንተ ደግሞ፣ መቼ ብዙ ሰው ወደሚጠቀምበት ሲስተም እንደምታዛውረኝ እስከ ዓርብ ማታ በጽሑፍ መልስልኝ።