አርዋና ሁለቱ ሜዳዎች

አርዋ አብዱልጀሊል ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም ከተመለሰች ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ጠልታለች። ቁርሷን እየተንጎራደደች ትበላለች። ልብስ ልታጥብ ትነሣና ውሃው ሳፋው ላይ ቀርቶ እሷ ገበያ ትገኛለች። እናቷ ፈዲላ፣ ይችን ልጅ ምን ነከሳት ብላ ጎረቤት ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

የነከሳት ምርጫ ነው። ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚያዘጋጅ አንድ ማሠልጠኛ፣ ፈተናውን አልፈሻል ብሏታል። እልል ተብሎ ነበር፤ ችግሩ ማሠልጠኛው ሁለት የመለማመጃ ሜዳ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ቆላ ውስጥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንደርደሪያው ረጅም፣ ከጥቂት ሠልጣኞች ሌላ ማንም የማያርፍበት። ሁለተኛው የአንድ ትልቅ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እዚያ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ይመላለሳሉ፤ ሠልጣኙም እንደማንኛውም አብራሪ ተራውን ጠብቆ፣ ከመቆጣጠሪያው ማማ በሬዲዮ ፈቃድ ጠይቆ ይነሣል። እስከ ረቡዕ ቀትር ደውላ የመረጠችውን ማሳወቅ አለባት፤ ከዚያ ወዲያ መቀየር የለም።

መካሪ አልጠፋም። በመካነ ሰላም አውሮፕላን በቅርብ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ማረፊያ አዋቂ ሆነ። የወግዲ ሚኒባስ ሹፌር ይሄነው፣ ጸጥ ያለውን ምረጭ ብሎ ወጥሮ ያዛት። እሱም መኪና የለመደው ሰው በሌለበት ገላጣ ሜዳ ላይ ነውና እጁ የተፍታታው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላስ ብትለው ሳቀ። ደሴ መሀል በገባበት በመጀመሪያው ቀን ጥሩምባው ከግራም ከቀኝም ሲያዋክበው፣ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ በእግሩ ነው የሄደው። ይህን ሁሉ ተርኮ ሲያበቃ፣ ወላሂ ጸጥ ያለው ይሻልሻል አላት። ምክሩና ታሪኩ እንዳልተስማሙ የገባው አይመስልም።

እናቷም ከይሄነው ጋር ነች፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ትላለች። አባቷ ሸኽ አብዱልጀሊል ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ሲያስነብቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የጥንት ዓሊሞች ከሰው ተለይተው ኸልዋ እየገቡ ነው የበሰሉት፣ ዒልም ጸጥታ ይወዳል፣ ዕውቀት በጫጫታ አይገባም አሏት። የሳቸው ቃል ከሁሉም ይከብዳታል።

የሚገርመው የራሷም ልብ ያጋደለው ወደ ቆላው ነው። ያስጨነቃት ለምን እንዳጋደለ ማወቋ ነው። ለፈተናው ከአሠልጣኝ ጋር አንድ ጊዜ በርራ ነበር፤ ከዚያው ከትልቁ ማረፊያ። መሪውን መያዙ አላቃታትም። ማማው በሬዲዮ ሲጠራት ግን ምላሷ ተሳሰረ። ሰማዩ ላይ ያለው አብራሪ ሁሉ ሥራውን ትቶ እሷን የሚሰማ መሰላት። አሠልጣኙ ቀልጠፍ ብሎ መለሰላትና ነገሩ አለፈ፤ ለማንም አልተናገረችም። አሁን ትልቁን መርጣ ዳግመኛ ዱዳ ብትሆን ያሰናብቷታል። ቆላውን መርጣ ከሄደች ደግሞ በሬዲዮ ብዙ ሳትናገር ፍርሃቷን ደብቃ ትመረቅና አንድ ቀን ሰው ጭና ሳለ አፏ ይዘጋል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ አርዋ ግን ወደ እናቷም ተመልሳ አላረፈችም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል አንድ ነገር ጎደላት። የቁርአን ቤቱ ድምፅ የለም። ሌላ ቀን ልጆቹ ሁሉ በየሉሐቸው፣ በየእንጨት ሰሌዳቸው ላይ የተጻፈውን፣ እያንዳንዱ የራሱን፣ በአንድ ላይ ጮኸው ስለሚቀሩ መንገደኛው እንኳ ይሰማቸዋል። ሸኹ በመሀላቸው እየተመላለሱ የተሳሳተውን ከዚያ ሁሉ ድምፅ ለይተው ያርማሉ። አርዋም ያደገችው በዚሁ ነው። ዛሬ ግን አባቷ፣ እህታችሁ ትልቅ ነገር እያሰበች ነው፣ አትረብሹ፣ አንድ በአንድ ቅሩ ብለዋቸው ኖሯል።

ወደ ቁርአን ቤቱ ብቅ ስትል ባሲማ ልትቀራ ቆማለች። ባሲማ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ልጅ ናት። ሉሗን ታቅፋ ቃል አልወጣ ብሏታል፤ ልጆቹ ሁሉ አፍ አፏን ያያሉ።

"ትናንት ስትቀሪው ሰምቼሽ የለ?" አለች አርዋ።

"ትናንትማ ሁሉም የየራሱን ይቀራ ነበር፤ ከሸኹ በቀር ማን ይሰማኛል?" አለች ባሲማ። "ዛሬ ሁሉም የሚሰሙት እኔን ነው።"

አርዋ ክው አለች። ያን ቀን ሰማዩ ላይ የነበሩት አብራሪዎችም የየራሳቸውን ይዘው ነበር። የሷን ድምፅ የሚጠብቀው ማማው ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ሊያርማት ነው። ሁሉም አፍ አፏን የሚያየው ይልቅ ጥቂቶቹ ሠልጣኞች ሌላ የሚሰሙት ነገር በሌላቸው በዚያ ጸጥ ባለው ሜዳ ነው።

"አባ፣ እንደወትሮው ይቅሩ ይበሏቸው።"

ሸኹ ደነገጡ። ላንቺ ብየ ነው አሉ። ልጆቹ ግን ሁለተኛ አልጠበቁም፤ ቤቱ ወዲያው በድምፅ ተሞላ። አርዋ ወደ ውጭ አልወጣችም፤ እዚያው በራፉ ላይ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የማሠልጠኛው ሰውየ፣ አይሰማም፣ ጸጥ ወዳለበት ሂጂ አላት። ትንፋሿን ሰብስባ፣ አርዋ አብዱልጀሊል ነኝ፣ ትልቁን ማረፊያ መርጫለሁ አለች፤ ሰውየው ቃሏን መልሶ እስኪነግራት ድረስ ደጋገመችው።

ስልኩን ስትዘጋ አባቷ ከወዲያኛው ጥግ መጥተው አጠገቧ ቆመዋል። እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ ያን ቀን በሬዲዮ የሆነችውን ነገረቻቸው። ሸኹ ሰሟት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ስጋት እንጂ ቁጣ አልነበረም። በመሀል ዞር ብለው ከኋላ ያለን አንድ ልጅ አረሙና ወደሷ ተመለሱ።

"ከነዚህ ሁሉ መሀል አሁን የተናገርሽውን ለይቼ ሰምቸዋለሁ። የማማው ሰውየስ እንዲህ ይሰማል?"

"ሥራው ነው፣ አባ።"

"እንግዲያው ልጄ" አሉ፣ "ስትሳሳችም ድምፅሽን አውጥተሽ ተሳሳች።"