ፕሮፌሰሩ በረዶ ላይ ያነጠፉት ወለል

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22። ይህን ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ብዙ አሰብኩ... ዛሬ ከአፌ በወጣች አንዲት ቃል ምክንያት አንድ ሽማግሌ በር ሊቆለፍባቸው ነው። ቃሏ «ያህ» ናት፤ በእንግሊዝኛ «አዎ» እንደማለት።

እናቴ ፍሪድሊ የሚባል ከተማ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። እኔ ከትምህርት ቤት በባስ እሄድና ሺፍቷ እስኪያልቅ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው፣ ላውንደሪው ጋ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ እንዲተወኝ «ያህ» እላለሁ። አገር ቤት እያለሁ ሁለት ዓመት ትምህርት አቋርጬ ነበር፤ ያልገባኝን ሁሉ «ያህ» እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

እዚያ ቤት አንድ የሃንጋሪ ሰው አሉ። የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። እናቴ «አባባ» ነው የምትላቸው፤ እሳቸውም ስማቸው የሆነ ይመስል አቤት ይላሉ። አንድ ቀን ፎጣ ሳጥፍ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሥራቸውን አስረዱኝ። አራት ማዕዘን ሸክላ ወለል ይሸፍናል። እንደ ንብ ቀፎ ስድስት ጎን ያለውም ይሸፍናል። ጎኑም ማዕዘኑም እኩል የሆነ አምስት ጎን ግን ምንም ብትገጣጥሚው የሆነ ቦታ ክፍተት ይተዋል።

«ትንሽ ስታጣምሚው አንዳንዱ እሺ ይላል። የትኛው? እሱን ስፈልግ ፀጉሬ አለቀ!» ብለው ራሳቸውን ዳበሱ።

ልጅ እያሉ በአገራቸው በነበረው ጦርነት ምክንያት ወረቀት ስላልነበረ አባታቸው ያስተማሯቸው በረዶ ላይ በዱላ እየሣሉ ነው። ይህንንም ሲነግሩኝ «ያህ» አልኩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የላውንደሪው መስኮት ጋ ቆሜ ሳለ የእናቴ አለቃ፣ ሱፐርቫይዘሯ፣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ፕሮፌሰሩ ጓሮው ውስጥ በዚያ ብርድ ሹራብ ብቻ ለብሰው በረዶ ላይ ይሄዳሉ። ትንሽ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ሦስተኛ ቀናቸው ነው» አለች። «የት እንደሚሄዱ እንኳ አያውቁም፣ አይደል?»

«ያህ።»

ታብሌቷ ላይ ጻፈችው... በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «የሠራተኛዋ ልጅ እንኳን አይታለች። ነገ ጠዋት ወንድ ልጃቸው ሲመጣ እንነጋገርና ሦስተኛ ፎቅ እናስገባቸዋለን።»

ሦስተኛ ፎቅ በኮድ የሚከፈት በር አለው። ማስታወስ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው ያሉት። ብቻውን ወጥቶ የሚሄድ የለም።

ምን ላድርግ ብዬ ሳስብ እናቴ መጣች። «ምን ያፈዝዝሻል? ነይ ይህን አንሶላ አብረን ሦስተኛ ፎቅ እናድርስ።»

እዚያ ወጥቼ በመስኮት ወደ ታች ሳይ አንሶላው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ከታች ሳየው የተረገጠ በረዶ ነበር። ከላይ ግን ወለል ነው! አምስት ጎን፣ አጠገቡ አምስት ጎን፣ እየተቆላለፈ ግማሹን ጓሮ ሞልቶታል።

«እማ፣ ነይ እዪ! ጠፍተው አይደለም፣ እየሠሩ ነው!»

እናቴ ወደ መስኮቱ ተጠግታ አየች። «ውይ አባባ...» አለች። ለሱፐርቫይዘሯ ያልኳትንና ነገ የሚሆነውን ስነግራት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ስሚ። አንቺ እዚህ እንድትቀመጪ የፈቀደችልኝ እሷ ናት። ዛሬ ያልሽውን ነገ ብታጥፊባት እኔን ምን ትለኛለች?»

«ግን እማ...»

«አሁን ጃኬታቸውን ይዘሽ ሩጪ! በብርድ ሊያልቁ ነው።»

በስልኬ ቶሎ ፎቶ አነሳሁና ሮጥኩ። ጓሮው ጫፍ ስደርስ ግን ቆምኩ። ብረግጠው ይበላሻል። እሳቸው መሀል ላይ ናቸው፤ ከዘራ የያዘው እጃቸው በብርድ ቀልቷል። ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም...

«ፕሮፌሰር!»

«እዚያው ቁሚ! እንዳትረግጪው!»

በሠሩት መስመር ላይ ብቻ እየረገጡ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። አንዴ እግራቸው አዳለጣቸው። ከዘራቸው አተረፋቸው። ጃኬቱን ሳለብሳቸው ወደ ሦስተኛ ፎቅ አንጋጠጡ።

«ከዚያ ላይ አየሽው?»

«ያህ።»

«እኔ ከዚህ ሆኜ ሁሉም አይታየኝም። ክፍተት የለውም፣ አይደል?»

የለውም እንድላቸው እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። «ያህ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን አይቻለሁ...

«ኖ» አልኩ። «አለው። ዛፉ ጋ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ፎቶውን ሳሳያቸው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። በድንገት ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሳቁ። «ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው! ነገ አስተካክለዋለሁ። አንቺ ከላይ ሆነሽ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?»

ነገ ምን እንደታሰበላቸው ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም...

ወደምንኖርበት ብሩክሊን ፓርክ በእናቴ መኪና ተመለስን። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ጠዋት ጓሮው ንጹህ ነጭ ይሆናል፤ የሚቀረው ስልኬ ውስጥ ያለው ፎቶ ብቻ ነው። ሰፈራችን ስንደርስ ቀይ መብራት ያዘን።

«ነገ ጠዋት ፈርስት ፔሬድ ምን ትምህርት ነው ያለሽ?» አለችኝ።

«ማዝ» አልኳት፤ ሒሳብ ነው።

«ከእሱ ቅሪ» አለች፣ ዓይኗን ከመብራቱ ሳትነቅል። «ከእኔ ጋር ሥራ ትገቢያለሽ።»

ነገ ጠዋት የፕሮፌሰሩ ልጅና ሱፐርቫይዘሯ ከተቀመጡበት ገብቼ፣ ፎቶውን አሳይቼ፣ «ትናንት ያልኩት ልክ አይደለም» እላለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ «ኖ» ማለት ስለማመድ ነው ያመሸሁት። እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ብያለሁ... አሥረኛዋን ነገ እዚያ እላታለሁ።