ማጉያው ወዴት ይዙር

የእህቴ ሰርግ ሲደርስ የድምፁና የመብራቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩና "አንተ እያለህ ማንን እንለምን?" አሉኝ። ድንኳኑ የተተከለው ከልደታ ማርያም ቁልቁል፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ነው። ቦታው ያምራል፣ አይካድም። ለእኔ ግን ጣጣ ነበር፤ መብራቱን ከቤታችን በሽቦ መሳብ፣ አምፖሎቹን ቀይና አረንጓዴ መቀባት፣ ከቀበሌ የተዋስነውን ድምፅ ማጉያ ዛፍ ላይ ማሰር።

ከሁሉ የከበደኝ ማጉያው ነው። ወደ ወንዙ ካዞርኩት ድምፁ ገደል ገብቶ ይቀራል። ሽቅብ ካዞርኩት ደግሞ ፊት ለፊቱ የጎረቤታችን መስኮት ነው። የእኚህን እናት አንድያ ልጅ በዚያው ሰሞን በቀይ ሽብር ገድለውባቸዋል። በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ጎረቤት እያለ ሽማግሌ ተልኮ ሳይፈቀድ ዘፈን አይከፈትም። እሳቸው ግን እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል፤ ጥቁር የለ፣ ለቀስተኛ የለ። ሽማግሌ ብንልክ "ለአናርኪስት ልታለቅሱ ነው" ተብለን ከነሙሽራው መታፈሳችን ነው።

"ዘፈኑ ይቅር" አለች እናቴ።

"ይቅርና! ሰርጋችሁ ለምን ዝም አለ ሲሉን ምን ልንል ነው?" ብዬ ጮኽኩባት። ብንከፍት ነውር፣ ባንከፍት እስር። ምን አባቴ ላድርግ?

በዋዜማው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። "ነገ ተክለ ሃይማኖት ድረስ መሰማት አለበት" አለኝ። "የቀበሌ ንብረት ለሹክሹክታ አይሰጥም!"

በነጋታው እንደ ምንም ደፍሬ ማጉያውን ወደ ወንዙ አሰርኩት። ከመሰላሉ ሳልወርድ "አንተ ልጅ!" የሚል ሰማሁ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ወረድኩ።

"እትዬ፣ አይቀየሙን። ወደ ወንዙ ነው ያዞርኩት፤ እርስዎ ጋ አይደርስም።"

ጠባቂው ከድንኳኑ በር ቆሞ ያየናል። እሳቸው ለእሱ እንዲታይ ፈገግ አሉና ጉንጬን ስመው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

"ወደ እኔ አዙርልኝ፣ የኔ ልጅ። እስከ መጨረሻው ክፈተው። በሬን ልዝጋና ልጄን ላልቅሰው።"

እንባዬን ውጬ መሰላሉ ላይ ተመለስኩ፤ አዞርኩት። ለእናቴም ነገርኳት።

ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሰዉ ጨፈረ፣ ጠባቂው ሳይቀር አጨበጨበ። እኔ ከቴፑ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። ቴፑ አንድ ብቻ ስለሆነ ካሴት ሲቀየር ዝም ይላል፤ እሷን ዝምታ ፈራኋት። የፈራሁት አልቀረም፤ ካሴቱ ሲያልቅ ከላይ "ልጄን!" የሚል ጩኸት ወረደ። ጠባቂው አንገቱን ቀና አደረገ። ሌላው ካሴት አልገባ አለኝ።

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ከበሮ ነጥቃ ተነሳች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እልልታውን አቀለጠችው፤ ዘፈኑ እስኪጀምር ድረስም አላቋረጠችም።