አምባሩ የገባበት ወረቀት

ታላቅ ወንድሜ ሌባ አለኝ። በእናታችን ተዝካር ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «የእናቴን የብር አምባር ሸጦ በላው» አለ። አልሸጥኩም። አምባሩ ወረቀት ላይ ነበር። ይህን ብል ማን ያምነኛል?

ሥራዬ ፎቶ ነበር። ቆቦ ገበያ ዳር ከአንድ ባለ ሳጥን ካሜራ ሽማግሌ ሥር ተማርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ሙያውን የያዝኩት በዓይኔና በአፍንጫዬ ነው። የሱቁ የፎቶ ወረቀት ሲጠፋ ሽማግሌው የድሮውን ዘዴ አሳየኝ። ወረቀቱን የአፋር ጨው በሟሟበት ውሃ ነክሮ ማድረቅ፤ በአሲድ የሟሟ ብር ጨለማ ክፍል ውስጥ መቀባት፤ ኔጋቲቩን ከላይ አድርጎ በመስታወት ተጭኖ ፀሐይ ላይ ማስጣት። የቆቦ ፀሐይ ሌላ ምንም ባትሰጠን ይህን ትሠራለች። ምስሉ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በመድኃኒት ካልጸና ግን ብርሃን ባየ ቁጥር እየጠቆረ ይጠፋል።

እናቴ ታማ ሳለች አምባሯን ከእጇ አውልቃ ሰጠችኝ። «ቢሸጥ የማንም እጅ ይገባል። በፎቶህ እኔን አድርገው» አለችኝ። ሌላ ሰው አልሰማም። ብሩን በአሲድ ያሟሟልኝ አንጥረኛም ብዙ ሳይቆይ ወደ ዋጃ ሄዶ የት እንደገባ ጠፋ። ብሩ በሙከራ በሙከራ አለቀና አንድ ደህና ምስል ብቻ ወጣልኝ። ቀድሞ አምባሩን እንዳደረገች ያነሣኋትን የወረቀት ኔጋቲቭ ምስጥ በላው። ማጽኛው መድኃኒት ከደሴ ይመጣል እየተባለ ቀረ። ምስሉን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ወንድሜ የከሰሰኝ መድኃኒቱን ስጠብቅ ነው።

የተጣላ የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌ፣ አበጋሩ ፊት ቀረብን። በእኛ አገር ሽምግልና የተካሰሱበት ዕቃ ሁሉም እንዲያየው መሐል ሜዳ ላይ ይቀመጣል። በጋቢ ሥር የሚታይ ነገር የለም።

«አባቶቼ፣ አምባሩ ሟሙቶ ወረቀት ላይ የእናቴ ምስል ሆኗል። ቤት ገብታችሁ በጭላንጭል እዩልኝ። ፀሐይ ካገኘው ይጠፋል» አልኩ።

ወንድሜ ሳቀ። «ሰማችሁ? ይኼ ሰውዬ ጢም አውጥቶ ሀ ሁ ያለ ቀን ነው የተበላሸው! ፎቶ ፀሐይ ፈርቶ ያውቃል? ሙሽራ ነው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አበጋሩ አልሳቁም። «ልጄ፣ ጓዳ ያየነውን እዚህ አንፈርድም። ወይ አውጣው፣ ወይ አምባሩን ተካ» አሉኝ።

ባስቀረው ሌባ ሆኜ እቀራለሁ፤ ባወጣው እሷ ትጠፋለች። ጨርቁን ፈታሁት።

እናቴ ነበረች። የአንገቷ ንቅሳት፣ ያ ቆጣ ያለ አፏ፣ እጇ ላይ አምባሩ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። ወዲያው፣ «አምባሩ ይኸው እጇ ላይ! እውነተኛውስ የታለ?» ብሎ ጮኸ።

«ልሸፍነው፣ እየሄደች ነው» አልኩ።

«አትሸፍናትም! ትታይ!» አለ ወንድሜ።

ጉንጯ ጠየመ። ንቅሳቱ ጠፋ። አፏ ሄደ። ሳቁ ከሁሉም ፊት ላይ ወረደ። እንደቆምን ወረቀቱ ጠቆረ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ብረት ብረት የሚል ነገር አብለጨለጨ።

ለምስክርነት የመጣችው አክስታችን ቀረብ ብላ አየችው። «ወረቀት ፀሐይ ሲመታው ይነጣል እንጂ ይጠቁራል? ይኼ ብር ነው። እህቴ አምባሯ እየጠቆረባት በአመድ ስታሸው አላያችሁም?»

አበጋሩ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ እያዘነበሉ አገላበጡት። «ብር ነው» አሉ።

ወንድሜ እግሬ ላይ ወደቀ። «አትሸፍን ያልኩህ እኔ ነኝ» አለ። አነሣሁት፣ ሽማግሌ ስላዘዘ። ምርቃቱ ተመረቀ፤ ሌባ መባሉም ቀረልኝ። ጥቁሩን ወረቀት የፈለገ አልነበረም፤ እኔ ጋ ነው። ወንድሜ ሌላ ብር ላምጣልህ ብሎኝ ነበር። ብር ፊት የለውም። ነገሩ ያለቀው ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።