ማሽላ ላይ የተሰቀለው ማስነሻ

ከዚህ በፊት የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ዛሬ ያስጀመረኝ ትናንት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። ሹፌሩ መስታወቱ ላይ ሲዲ አንጠልጥሏል፤ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ብርሃኑ ፊቴ ላይ ይወረወራል። ዓይኔን ስጨፍን «ላውርደው እንዴ እህቴ?» አለኝ። ከብርሃኑ ሳይሆን ከሲዲው እንደምሸሽ እንዴት ልንገረው?

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ቢቸና ውስጥ እትዬ ስንዱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። እኔ እጠርጋለሁ፣ ኮፒ አነሣለሁ፤ የሞጣዋ ልጅ እናትነሽ ኮምፒውተሩ ላይ ትጽፋለች። ከኪሷ የሽምብራ ቆሎ እየዘገነች «እንቺ፤ አፍሽ ለወሬ ባይከፈት እንኳ ለቆሎ ይከፈት!» ትለኝ ነበር። እስቅና አንገቴን እደፋለሁ። ሰውን ነገር መጠየቅ ያን ጊዜ ከሞት አይሻለኝም ነበር።

ኅዳር ላይ አባቴ ከቆላ ላከብኝ፤ ወፍ ማሽላውን ጨርሶታልና የሚያብለጨልጭ ነገር ፈልጊ አለኝ። መሳቢያው ውስጥ አሮጌ ሲዲዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እትዬ ስንዱን ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። እናትነሽ ለምሳ ስትወጣ ቁልፉን መሳቢያው ላይ ትታው ሄደች። ሲዲዎቹን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወስጄ ማታውን በጎረቤት ማጫወቻ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። መዝሙር ያለውን መለስኩ፤ ዘፈን ያለውን መለስኩ። ሁለቱ ላይ በቀይ ቀለም «ማስነሻ» የሚል ተጽፏል። ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሣ የጭፈራ ዘፈን መስሎኝ ነበር፤ ድምፅም ምስልም የላቸውም። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ከተበላሹት ጋር ላክኋቸው።

በሳምንቱ ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ። ውስጡ የአንድ መሪጌታ ቅኔ ነበር። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓመት ሙሉ ከሞጣ በአውቶቡስ እየመጡ በቃላቸው የያዙትን ለእናትነሽ ያጽፏታል። «እኔ እየረሳሁት ነው ልጄ፤ አንቺ ያዢልኝ» ይሏት ነበር።

እትዬ ስንዱ መሳቢያውን ከፈቱ።

«ማስነሻው የት አለ?»

ማስነሻ ማለት የወደቀ ኮምፒውተር ማስነሻ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«እናትነሽ፣ ቁልፉ አንቺ ዘንድ ነው። ለማን ሰጠሽብኝ?»

«እመቤቴን! አልነካሁም!»

መሪጌታ ከወንበራቸው «ማስነሻ ከጠፋማ ትንሣኤን መጠበቅ ነው» ብለው ሊያስቁን ሞከሩ። የሳቀ የለም። እናትነሽ ጓሮ ወጥታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። «አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። በማግስቱ ቁልፉን አስረክባ ወደ ሞጣ ሄደች።

ቅዳሜ ቆላ ወረድኩ። ሲዲዎቹ ከማሽላው በላይ በነፋስ ይሽከረከራሉ። አባቴ «ወፉ እልም አለ፤ እደጊ ልጄ!» ብሎ መረቀኝ። ከሁለቱ ማስነሻዎች አንዱ ተሰንጥቋል። ሌላውን በጥሼ አመጣሁና ሰኞ ጠዋት መሳቢያው ሥር ወሸቅኩት፤ የወደቀ እንዲመስል።

እትዬ ስንዱ አገኙት። ቀዳዳው ላይ የአባቴ የቃጫ ክር እንደታሰረ ነው፤ መፍታት ረስቼዋለሁ። ክሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እናትነሽ ማሳ የላትም» አሉ። ክሩን ፈትተው ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቱት።

ሲዲው ተጫጭሮ ስለነበር ሁለቴ እንቢ አለ፤ በሦስተኛው ኮምፒውተሩን አስነሣው። የመሪጌታ ቅኔ ወደ ፍላሽ ተገለበጠ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት አቧራ ለብሼ ሞጣ ደረስኩና እናትነሽ ፊት ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

ዛሬ የእናትነሽ ወንበር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሁለት ማስነሻ አለኝ፤ ምን እንደሆኑ በረጅሙ ጽፌባቸዋለሁ። አዲስ ሠራተኛ ስትመጣም ሳትጠይቀኝ በመጀመሪያው ቀን አሳያታለሁ። ይህ ሁሉ የሲዲውን ጥፋት ይክስ ይሆናል። ሌላውን አይክስም። እናትነሽ ያን ቀን በር ድረስ ሸኝታኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። መጨረሻ ያለችኝ ይህን ነው፦

«ሲዲውስ ይሁን፤ ሳታውቂ ነው። ውሃውን ስትሰጪኝ ግን ታውቂ ነበር።»