መሪጌታ ዝም ካሉ ወዲህ

ጣሊያን ከወጣ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ጎንደር፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ደብር አጥር ሥር፣ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አቋቋም ያስተምሩ ነበር። ስድሳን ካለፉ ቆይተዋል፤ ቢሆንም ማኅሌት ሲቆሙ ጎረምሳ ደቀ መዝሙር አይስተካከላቸውም። በየበዓሉ ማግስት ማጅራታቸውን ይዘው እንደሚያቃስቱ የምታውቅ ሚስታቸው ወለተሩፋኤል ብቻ ናት።

"ብርድ ነው፤" ይሏታል። በዋግምት ደም አስወጡ፣ ጠበል ተጠመቁ፤ ለጥቂት ቀን ቀለል ይላቸውና ይመለስባቸዋል።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጧት ፊታቸውን ሲታጠቡ ነስር ጀመራቸው፤ አልቆም አለ። ነጠላዋ በደም ሲርስ ጊዜ ለምና ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አላምረው የሚባል ድሬሰር ያስተረጉምለታል። ሐኪሙ ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልሎ ነፋ፤ አዳመጠ፤ ደግሞ ነፋና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንጓቸውን ይዞ የደም ሥራቸውን በጣቱ ዳበሰ።

"ምን ይላል?" አለች ወለተሩፋኤል።

"ደም ብዛት ነው ይላል፤" አለ አላምረው። "የደም ሥራቸው በዕድሜ ብዛት እንደ ጠፍር ደርቋል፤ እንደ ወጣትነታቸው አይለጠጥም። ደሙ በግድ ሲገፋ ወይ ልብን ያደክማል፣ ወይ አናት ላይ ይፈነዳል።"

"ታዲያ መድኃኒቱን ስጡን እንጂ!"

"የደረቀውን የሚያለሰልስ የለም፣ እትዬ። ጨው ይተዉ፤ ማኅሌቱንም ይቀንሱ።"

መሪጌታ ሳቅ አሉ። "ተቀምጬ ልዘምም?"

ያለ ጨው የሠራችውን ሽሮ አንዴ ቀምሰው ገፉት። "ምነው ወለተሩፋኤል፣ ሳልሞት ትቀብሪኛለሽ?" አሉ። ቆሎ ብቻ እየቆረጠሙ ሰነበቱ። ሲከሱ ማየቱ አላስችል ሲላት ጨውን መለሰችው።

ለመስቀል ወረብ ሲያስጠኑ ነው የወደቁት። ዜማው በመሐል ተቆረጠ፤ ጽናጽሉ ከቀኝ እጃቸው አመለጠ። ደቀ መዛሙርቱ በቃሬዛ ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን ገልጦ አየና "ከመጠበቅ በቀር የምናደርገው የለም" አለ።

ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ ጎናቸው ግን ሰለለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ወለተሩፋኤል ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች። ደቀ መዛሙርቱ አንድ በአንድ እየመጡ ጉልበታቸውን ስመው፣ አኮፋዳቸውን አንግተው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። መማር አለባቸው፤ ምን ትበላቸው?

አላምረው አንድ ቀን ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደጅ ድረስ ሸኘችው።

"ጨውን የመለስሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ ነኝ?"

"የስንት ዓመት ድርቀት ነው፣ እትዬ። ጨው ቢቀር ያዘገየው ነበር ይሆናል፤ ላያዘገየውም ይችላል። ሐኪሙም ቢሆን አያውቀው።"

አይደለሽም ቢላት ምን ነበረበት? አላላትም።

በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ማኅሌቱ አጥሩን አልፎ እቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የመሪጌታ ግራ እጅ ከከበሮው ጋር የአልጋውን ጠርዝ ይመታል። ድንገት እጃቸው ቆመ፤ ፊታቸው ተቋጠረ፤ አፋቸውን ከፍተው ወደ እሷ አፈጠጡ።

"መዘምራኑ ተሳሳቱ?" አለች።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

"ሄጄ ልንገራቸው?"

እንደገና ነቀነቁ። ብድግ ብላ ነጠላዋን አጣፋች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ምን ብላ ትንገራቸው? ስሕተቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መናገር አይችሉም። ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፉ።