ቤዝ የማይወጣለት ጡሩምባ

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ማለት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ እና ውጭ ባለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የብረት ጡሩምባ ነው። በየረፍቱ ዜናው፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል»፣ ግጥሙና ቀልዱ ሁሉ በዚያ ጡሩምባ ይወጣል። ሜዳው ላይ ያለው ሕዝብ ቆሎውን እየቆረጠመ ይሰማል፤ ወይም አይሰማም።

ዘጠነኛ ክፍል እንደገባሁ ክበቡ ውስጥ የተመዘገብኩት ግጥም እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ገጣሚ ግን ከበቂ በላይ ሞልቶ ስለነበር የክበቡ ኃላፊ፣ የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ «አንቺ ሌላ ነገር አምጪ» አሉኝ።

«ዘፈን ልገምግም፣ ቲቸር?»

ሳቁ። በዚያን ጊዜ መምህራኑ ከአንድ ግምገማ ወጥተው ሌላ ግምገማ የሚገቡበት ሰሞን ነበር። «እኔ ከስብሰባ አምልጬ እናንተ ጋ ልተነፍስ ስመጣ፣ እዚህም ግምገማ?» አሉ። ቢሆንም የዓርብን ረፍት ሰጡኝ።

የምገመግመው ደግሞ ማንም የማይፈልገውን ዘፈን ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንድ ሙዚቃ ቤት አለ። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ወላይታ ሶዶ ላይ ልብስ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ሚሞሪው ላይ የወላይትኛ ዘፈን ወይም መዝሙር ለማስጫን ነው። «ዳንስ» የሚለውን ፎልደር የሚያስከፍተው የለም። ውስጡ ያለው በኮምፒውተር የተሠራ የፈረንጅ ጭፈራ ነው፤ ከዘፋኙ ይልቅ ምቱ የሚያወራበት። ስማቸው እንኳ በመንገድ ጠፍቶ «ትራክ ሰባት»፣ «ትራክ ሰባት ሪሚክስ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ገበያው ቀዝቀዝ ሲልለት ትልቁን ኤርፎን ጆሮዬ ላይ ያደርግልኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን የሚሰማ ከአንቺ ሌላ ሶዶ ውስጥ የለም እኮ» ይለኛል።

እኔን ያሳበደኝ ሪሚክሱ ነው። አንድ ነጠላ ዜማ ይወጣል፤ ሌላው ሰው ይወስድና ይተረትረዋል፣ እንደገናም በራሱ ልክ ይሰፋዋል። ትራክ ሰባት ከነዋናው አራት ዓይነት ነበር። በዋናው ላይ አንዲት ሴት አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመች ትላለች። በአንደኛው ሪሚክስ ሴትየዋ ጭራሽ ጠፍታ ቤዙ፣ ያ ወፍራሙ የታች ድምፅ፣ ብቻ ቀርቷል፤ ይህ የእኔ ነው፣ የምሞትለት። በሌላው ድምጿ ተቆራርጦ እንደ ወፍ ይንጫጫል፣ ጭብጨባም ይበዛበታል። የቀረው ለብ ያለ ነገር ነው፣ እሱን ተዉት። ያው ዘፈን ነው፣ ግን ያው አይደለም! ይሄን ለሰው ካልነገርኩ የምፈነዳ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ዓርብ ማይኩ ፊት ቁጭ ብዬ፣ «ይህ ሪሚክስ ቤዙ ሆድ ያንቀጠቅጣል፤ ደረት ይገፋል» ብዬ አነበብኩ። መሣሪያው ላይ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ዘፈኑን ለቀቀችው። ከጡሩምባው የወጣውም እንዲህ ነበር፦ ጭስ፣ ጭስ፣ ጭስ። ግማሽ የቀረውን የክብሪት ቀፎ አንድ ሰው እየነቀነቀ ይመስላል። ለካ ያ ጡሩምባ የሰው ድምፅ እንጂ ቤዝ አያወጣም። እኔ በኤርፎን የሰማሁትን ሜዳው ጨርሶ አልሰማውም።

ሜዳው አውካካ።

«ቤዙ የታለ?»

አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ መስኮታችን ሥር መጣና ሆዱን ይዞ፣ «እውነቷን ነው ባካችሁ፣ ሆዴ ተንቀጠቀጠ! ቁርስ ስላልበላሁ ነው እንጂ!» አለ። ሌላው ከኋላው፣ «ግለ ሒስ ታቅርብ! ግለ ሒስ!» እያለ ይጮኻል። ጓደኛዬ ራሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ቲቸር ግን አልሳቁም፤ ያ ባሰኝ። «አንድ ዓርብ እጨምርልሻለሁ» አሉ። «እንዲህ ከሆነ ሰዓቱን ለጥያቄና መልስ እንሰጠዋለን። ቅር እንዳይልሽ።»

ቅር አለኝ እንጂ! ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነኝ። አውቄው እንኳ ሌላው እስኪመልሰው እጠብቃለሁ። ያቺ የዓርብ ሰዓት ማንም ሳያየኝ ለሁሉም የምናገርባት ነበረች። እሷን ከወሰዱብኝ ተመልሼ ዝምተኛዋ ልሆን ነው።

ቅዳሜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ያንኑ ሪሚክስ ስሰማ እናቴ ገባች። እማዬ የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ነች፤ ዘፈን ነገር አትወድም። አንዱን ኤርፎን ከጆሮዬ መዝዛ በራሷ ጆሮ አደረገችው።

«ዘፋኙስ?»

«የለም።»

«ቃሉስ?»

«ቃል የለውም፣ እማዬ። ቃል ከሌለው ደግሞ ኃጢአት አይናገርም።»

«ምላስሽ!» አለች። ግን ኤርፎኑን ቶሎ አልመለሰችልኝም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትንሽ ሰማች። «ይሄማ ወፍጮ ቤት ነው። በቆሎ ይዤ ተራ የምጠብቅ መሰለኝ» ብላ ጥላልኝ ወጣች።

ለመናቅ ነው ያለችው። እኔ ግን ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። ወፍጮ ቤት! ግድግዳውን ተደግፈህ ስትቆም ሞተሩ ከእግርህ ጀምሮ በጀርባህ ይወጣና ጥርስህ ውስጥ ይገባል። ቤዝ የሚባለውን ቃል የማያውቅ ልጅ ይኖራል፤ ወፍጮ ቤት ያልተላከ ግን የት ይገኛል?

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጓደኛዬን ለምኜ ትራክ ሰባትን በየዓይነቱ እንድትለቅልኝ አደረግኩ። እኔ ውጭ፣ መረብ ኳስ ሜዳው ዳር ቆምኩ። የዳሞታ ተራራ ጉሙን አውርዶ ሜዳው እርጥብ ነበር። የእኔው፣ የምሞትለት፣ እዚያ ላይ ሞቶ አገኘሁት። ክብሪት ብቻ። ጭብጨባ የበዛበት ሲመጣ ግን ጡሩምባው ነፍስ ዘራ! ሴትየዋ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ትንጫጫለች፣ ጭብጨባው ከክፍሎቹ ግድግዳ እየነጠረ ይመለሳል፣ የጥበቃው ሽማግሌ እንኳ ቀና ብለው አዩ። እኔ ደግሞ ስለዚህኛው «ባዶ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር።

ሮጬ ገብቼ ለጓደኛዬ ነገርኳት።

«ታዲያ ግምገማሽን ቀይሪዋ» አለች።

«አልቀይርም! በኤርፎን ሲሰማ ባዶ ነው እኮ!»

«ኤርፎን ያለው ማነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ያ ጥያቄ አብሮኝ ዋለ። የምወደውን ትቼ የማልወደውን ምርጥ ነው ብል ዋሸሁ። የምወደውን ባስከፍት ደግሞ ማንም አይሰማውም፤ ሰዓቴም ይሄዳል። በመጨረሻ ሁለቱንም እውነት ጎን ለጎን አስቀምጬ ጻፍኩት።

ዓርብ ደረሰ። ቲቸር በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። መስኮቱ ሥር ያ የሆዱ ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሊስቅ ተዘጋጅቷል። አነበብኩ፦

«ዛሬ የምትሰሙት ከአራቱ ምርጡ አይደለም። ምርጡን ይህ ጡሩምባ ሊያሰማችሁ ስለማይችል እኔ ልንገራችሁ። በቆሎ ይዛችሁ የወፍጮ ቤት ግድግዳ ተደገፉ። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው ጆሯችሁ አይደለም፤ ጀርባችሁ ነው። ቤዝ ማለት እሱ ነው። እሱን በጀርባችሁ ያዙልኝና ጭብጨባውን በጆሯችሁ ስሙ። መሐል ላይ ዘፈኑ ዝም ይላል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትስቁ፤ መብራት ጠፍቶ ነው። ይመጣል።»

የመጨረሻዋን ደግሜ በወላይትኛ አልኳት፤ ሜዳው ላይ ሳቅ ተሰማ፣ ግን የደግ ሳቅ ነበር። ጓደኛዬ ለቀቀችው። ጭብጨባው ተነሳ፣ ሴትየዋ ተንጫጫች፣ እያደገ፣ እየፈጠነ መጣና፣ ድርግም። ዝም። ቲቸር ወደ አምፕሊፋየሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ማንም አልሳቀም። ሜዳው ሁሉ ይጠብቅ ነበር!

ዘፈኑ ሲመለስ መብራት የመጣላቸው የሰፈር ልጆች እንደሚጮኹት ሁሉ አንድ ላይ «መጣ!» አሉ። አንዱ ከመሐል «ሎዖ!» ሲል ሰማሁት፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። የሆዱ ልጅ ጀርባውን ከግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ያሹፍ አይሹፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቲቸር፣ «አሁን ርዕሰ መምህሩ ምን ተፈጠረ ብለው ይጠሩኛል» እያሉ ወጡ። ከዚያ አንገታቸውን በበሩ መለሱና፣ «የሚቀጥለውን ሐሙስ አሳዪኝ» አሉ። የሚቀጥለውን! ጓደኛዬን አንቄ ልገድላት ደረስኩ በደስታ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ጎራ ስል ባለቤቱ ገና ከሩቅ፣ «ምን ብለሽ ነው የላክሽብኝ?» አለኝ። «ልጆች እየመጡ ‹የወፍጮ ቤቱን ጫንልን› ይሉኛል! የምን ወፍጮ ቤት? እዚህ ዱቄት አይሸጥም!» እየሳቀ ነበር።

የሚቀጥለውን መጻፍ ጀምሬ ሳለ ግን ከቦዲቲ ተዛውራ የመጣች የሌላ ክፍል ልጅ በረፍት ሰዓት ፊቴ ቆመች። አናግሬያት አላውቅም።

«የምትገመግሚው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ተሳስተሻል።»

ክው አልኩ።

«ሙዚቃ ቤት ሄጄ የወፍጮ ቤቱንም የጭብጨባውንም በኤርፎን ሰማኋቸው» አለች። «የወፍጮ ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሴትየዋን አስወጥቶ ቤቷን ወሰደባት። እሷ ከሌለች የማን ዘፈን ነው?»

«ሪሚክስ ማለት እኮ…»

«ሪሚክስ ማለት ዘፋኟን ማባረር ነው?»

ደወል እስኪደወል ተከራከርን፤ ተደውሎም ተከራከርን። ፊቴ ግሏል፣ ድምፄ ከፍ ብሏል፣ በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ክፍሌ በር ላይ ስደርስ ዞር ብዬ፣ «ጻፊው» አልኳት።

«እኔ?»

«አንቺ። ግማሹን ሰዓት እሰጥሻለሁ።»

ቲቸር ፈቀዱ። ዓርብ ከጎኔ ተቀምጣ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ አነበበችው፤ በአንዱም አልተስማማሁም። ውጭ ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ይሰማኛል፤ ግማሹ ከእሷ፣ ግማሹ ከእኔ። እኔም ተራዬ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶኝ መቀመጫዬ ላይ እየተቁነጠነጥኩ፣ እጄን ከፍ አድርጌ አውጥቼ ነበር።